የአርባ በመቶው ወረቀት

ወንድሟ የቅናሹን ወረቀት ከካርቶኑ ላይ ልጦ፣ አራት ቦታ አጥፎ፣ የሱሪው የኋላ ኪስ ውስጥ ሲከት ሚዛን በመተላለፊያው መስታወት አየችው። እሷ ከወጥ ቤት ውሃ በብርጭቆ ይዛ እየወጣች ነበር፤ እሱ ጀርባውን ሰጥቷል። ፊት ለፊት ቢያደርገው ኖሮ ነገሬ ብላም አታየውም ነበር። ሰው ጀርባውን አዙሮ የሚሠራው ነገር ግን ለእሷ ሁልጊዜ ምክንያት አለው። ወረቀቱ ቀይ ነው፤ በነጭ ቀለም በትልቁ አርባ በመቶ የሚል ተጽፎበታል። ከጥቂት ደቂቃ በፊት እናታቸው መነጽራቸውን ሰክተው፣ ቁጥሩን በጣታቸው እየነኩ፣ «ይኸው፣ እውነትም አርባ» ያሉት እሱኑ አይተው ነበር። አሁን ካርቶኑ ላይ የቀረው የሙጫ ጭረት ብቻ ነው። ሚዛን የት አደረግከው አላለችም። ውሃውን ለእናቷ ሰጠችና አዲሱን ልብስ ማጠቢያ ማሽን ዞር ዞር ብላ አይታ ያምራል አለች። ወንድሟ ሳይዞር፣ ያምራል አይደል ብሎ መለሰ። ድምፁ ከሚገባው በላይ ደስ ያለው መሰላት።

ሚዛን የቤት ስሟ ነው። ልጅ ሆና ዳቦ ሲቆረስ የሁሉንም ቁራሽ በዓይኗ እየለካች «የሱ ይበልጣል» ትል ስለነበር አባቷ በቀልድ ያወጡላት ስም እዚያው ተጣብቆባት ቀረ። ሥራዋም ስሙን አጸደቀው፤ አንድ ጫማ መደብር ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ሆና አሥራ ሰባት ዓመት ቆይታለች። በአሥራ ሰባት ዓመት ቅናሽ የሚባለውን ነገር ከነጓዳው አውቃዋለች። ባለፈው ወር እንኳ ሥራ አስኪያጁ የሁለት ሺህ ብሩን ጫማ ዋጋ አስፍቀው ሁለት ሺህ ስምንት መቶ አስጻፉ፤ ከሳምንት በኋላ በላዩ «ሠላሳ በመቶ ቅናሽ» አስለጠፉበት። የሁለት ሺህ ስምንት መቶ ሠላሳ በመቶ ስምንት መቶ አርባ ነው፤ ጫማው በአንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ስልሳ ተሸጠ። ሰው ተሰልፎ ገዛ። ስምንት መቶ አርባ አተረፍኩ ብሎ ቤቱ የገባው ሁሉ እውነት ያተረፈው አርባ ብር ነው። ሌላ ጊዜ ደግሞ «ሃያ በመቶ፣ በዚያ ላይ ተጨማሪ ሃያ» ተብሎ ሲለጠፍ፣ አንዲት ደንበኛ አርባ በመቶ መስሏት ስትደሰት ሚዛን አላስቻላትም። ሁለተኛው ሃያ የሚታሰበው ከተረፈው ላይ ስለሆነ ሺህ ብሩ ስድስት መቶ አርባ ነው የሚሆነው፣ ስድስት መቶ አይደለም ብላ አስረዳቻት። ደንበኛዋ ጫማውን ትታ ወጣች፤ ለሚዛንም የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሳት። ከዚያ ወዲህ ለደንበኛ ምንም አትልም። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን ግን በልቧ ደጋግማ ትለዋለች።

ማሽኑ የተገዛው ለእናታቸው ነው። የእናታቸው የእጅ አንጓ ማበጥ ከጀመረ ሁለት ዓመት አለፈ። አንሶላ መጭመቅ ስለሚያቅታቸው ውሃ እያንጠባጠበ ገመድ ላይ ይሰቅሉታል፤ የታችኛው ፎቅ ሰዎችም በየሳምንቱ ያጉረመርማሉ። ልጆቻቸው ሦስት ናቸው፤ ታላቂቱ ሚዛን፣ መስታወት ቆራጩ ወንድሟ፣ ሌላ ከተማ የምታስተምረው ታናሺቱ። ማሽን በተባለ ቁጥር እናት፣ ውሃና ሳሙና ለሚያማታ ሣጥን ሠላሳ ሺህ ብር አይከፈልም፣ እኔ በሕይወት እያለሁ እቤቴ አይገባም እያሉ አሻፈረኝ ብለው ቆይተዋል። ባለፈው ሳምንት ግን ወንድሟ ደወለ። አርባ በመቶ ቅናሽ ወጥቷል፣ ሠላሳ ሺሁ አሥራ ስምንት ሺህ ሆኗል፣ ለሦስት ስንካፈለው ስድስት ስድስት ሺህ ይደርሰናል አለ። እናትም አሥራ ሁለት ሺህ ብር ከሚያመልጠን ይገዛ ብለው እጅ ሰጡ። ሚዛን ስድስቱን ሺህ በማግስቱ ላከች፤ ታናሺቱ ለሁለት ከፍላ ላከች። ዛሬ እሑድ ጠዋት ማሽኑ ደረሰ።

ለነገሩ ከጅምሩም አልዋጥላት ብሎ ነበር። ጫማ ሌላ ነው፤ ፋሽኑ ያልፍበታል፣ ቁጥሩ ይጎድላል። ዋስትና ባለው ማሽን ላይ ግን አሥር፣ ቢበዛ አሥራ አምስት በመቶ ነው የሚቀነሰው። አርባ ከተቀነሰ ወይ ሱቁ ሊዘጋ ነው፣ ወይ ዕቃው በሽታ አለበት፣ ወይ አርባ ያለው ሰው ዋሽቷል። ወንድሟ ተንበርክኮ የውሃውን ቱቦ ሲያጠብቅ እሷ ካርቶኑን መረመረች። የላይኛው ማሸጊያ ሁለት ጊዜ የተለጠፈ ይመስላል። የአጠቃቀም መመሪያው ላስቲክ ውስጥ አለ፤ ደረሰኝ የለም። ለዋስትና ያስፈልጋልና ደረሰኙ የታለ ስትለው ሱቅ ረስቼው ነው አላት፤ ቆየት ብሎ እናቱ ሲጠይቁት ዕቃውን ያመጣው መኪና ውስጥ ሳይቀር አይቀርም አለ። ለአንድ ጥያቄ ሁለት መልስ። መኪናውስ ስንት አስከፈለህ ስትለው ሱቁ በነፃ ነው የሚያደርሰው አለ። ስልኩ ጠራ፤ አየውና ሳያነሳ ድምፁን አጠፋ። ከዓመታት በፊት የአባታቸው የልብስ ስፌት መኪና ሲሸጥም ብቻውን ሄዶ ሸጦ፣ ዋጋውን ብቻውን ተናግሮ፣ ድርሻ ድርሻቸውን በፖስታ አምጥቶ ነበር። ያኔ ማንም አልጠየቀውም፤ እሷ ግን አልረሳችውም። ሱቁ ግማሽ በግማሽ ቀንሶለት ከሆነስ? አሥራ አምስት ሺህ ከፍሎ አሥራ ስምንት ካላቸው ሦስት ሺህ ኪሱ ገብቷል። የራሱን ድርሻ ግማሹን ሁለቱ እህቶቹ ከፍለውለታል ማለት ነው።

ደረጃው ጋ ወጣችና ለታናሺቱ ደወለች። ታናሺቱ ፈተና እያረመች ነበር፤ ስጨርስ ልደውልልሽ ብትላትም ሚዛን ስለ ወረቀቱ፣ ስለ ደረሰኙ፣ ስለ ሦስቱ ሺህ አከታትላ ነገረቻት። ታናሺቱ ሰምታ ስትጨርስ፣ ቢወስድስ፣ የሮጠው፣ የተሸከመው እሱ አይደለም ወይ አለች። ሚዛን ነገሩ የብር አይደለም አለቻት። የብር ካልሆነ ለምን በብር ታሰቢዋለሽ ብላ ታናሺቱ ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋን አቁማ፣ እማዬ ስትደሰት ያየናት ስንት ዘመናችን ነው፣ ዛሬን ተያት አለች። ሚዛን እሺ ብላ ዘጋች። እሺ ያለችው ግን ለስልኩ ነው።

ስትዞር የወንድሟ ሚስት የዱቄት ሳሙና በፌስታል አንጠልጥላ ደረጃውን እየወጣች ነበር። ምራቲቱ የምትሠራው ፎቶ ኮፒ ቤት ነው፤ እሑድ እንኳ የጣቶቿ ጫፍ ላይ የቀለሙ ጥቁረት አይጠፋም። ከሚዛን ጋር ክፉ ተነጋግረው አያውቁም፤ ሆድ ለሆድም ተጫውተው አያውቁም። ተሳሳሙ፤ ደህንነት ተጠያየቁ። ሚዛን እንደ ዋዛ፣ ግድግዳውን እያየች ጠየቀቻት።

«ማሽኑ ስንት ወጣ አለሽ?»

«አሥራ ስምንት ሺህ። የእኛ ድርሻ ስድስት። ምነው እትዬ?»

«ምንም። ደረሰኙን አይተሽዋል?»

ምራቲቱ አንድ እግሯን ደረጃው ላይ እንዳደረገች ቆመች። አላየችውም። አለመጠየቋ ራሷን ሳይገርማት አልቀረም፤ እቤቷ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ደረሰኙ ቀዳዳ ተበስቶለት ፋይል ውስጥ ይገባል። ባሏም ይህን አመሏን ስለሚያውቅ የአምፖል ደረሰኝ እንኳ ሳይቀር እያመጣ እጇ ላይ ያኖርላታል። የማሽኑን ግን አላመጣም። ሚዛን የምታስበውን አንድም ቃል አልተናገረችም፤ መናገርም አላስፈለጋትም። ጥርጣሬ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሄድ ቃል አይፈልግም፤ ምራቲቱ ሳሙናውን ከግራ ወደ ቀኝ እጇ አዛወረችና ቅንድቧን ሰበሰበች።

እቤት ሲገቡ የማሽኑ የቆሻሻ ውሃ ማውረጃ ቱቦ አጥሮ ወንድሟ ተቸግሮ አገኙት። አንድ ሜትር የሚቀጠል ገዝቼ ልምጣ ብሎ ሲነሳ ሚዛን አንተ የጀመርከውን ጨርስ፣ እኛ እንገዛለን አለችው። እሱም እዚሁ ጥግ ላይ ካለው ሱቅ ግዙት፣ እዚያ ድረስ አትሂዱ፣ ሩቅ ነው፣ ደግሞም እሑድ ዝግ ነው አለ። ሚዛንና ምራቲቱ ተያዩ። ማሽኑ የተገዛበትን ትልቁን ሱቅ ግን ያነሳ ማንም አልነበረም።

ወደዚያው ሱቅ በሚወስደው ሚኒባስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው ብዙ አላወሩም። ምራቲቱ በመስኮት እያየች አንድ ጊዜ ብቻ፣ ባሏ ሰሞኑን ሥራ ቀዝቅዟል እንደሚል፣ ግን ማታ ማታ እንደ ድሮው ስለ ሥራው እንደማያወራ ተናገረች። ሚዛን ይህንንም ከሌላው ጋር አስቀመጠችው። እውነቱን ለመናገር፣ የዚያን ሰዓት ሆዷ ውስጥ የነበረው ኀዘን አልነበረም። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ሰው ሲታለል እያየች ዝም እንድትል የተፈረደባት ሴት ነች፤ ዛሬ ግን ማንም ደብዳቤ የማይጽፍባት ጉዳይ እጇ ገብቷል። ምስክር አጠገቧ ተቀምጣለች። ወንድሟ ፊት ቆማ የምትናገረውን ዓረፍተ ነገር በልቧ እያስተካከለች ነበር፤ ሦስት ሺህ ብትፈልግ ጠይቀህ ትወስድ ነበር፣ ለምን እማዬን ሽፋን ታደርጋለህ የሚል።

ትልቁ ሱቅ ክፍት ነበር፤ በሩ ላይ በቅናሹ ሰሞን እሑድም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንሠራለን የሚል ተለጥፏል። ውስጡ በረዶ ቤት ይመስላል፤ ማቀዝቀዣዎቹ በራቸውን ከፍተው በረድፍ ቆመዋል፣ ግድግዳው ላይ ያሉት አሥር ቴሌቪዥኖች አንድ ዓይነት አበባ ያሳያሉ። ከእያንዳንዱ ዕቃ ላይ ቀይ ወረቀት ተንጠልጥሏል፤ ካውያው ላይ አሥር፣ ምድጃው ላይ ሃያ፣ ጥግ ላይ ተደራርበው የተቀመጡት ማራገቢያዎች ላይ አርባ። የእናታቸው ማሽን መንትያ በሦስተኛው ረድፍ ቆሟል፤ ያው ነጭ፣ ያው ክብ በር። ወረቀቱ ግን አሥራ አምስት በመቶ ነው የሚለው። ሚዛን ከሥሩ የተጻፈውን ሳታነብ በራሷ አሰበችው፤ የሠላሳ ሺህ አሥር በመቶ ሦስት ሺህ፣ አምስት በመቶው የዚያ ግማሽ፣ አንድ ላይ አራት ሺህ አምስት መቶ፤ የሚከፈለው ሃያ አምስት ሺህ አምስት መቶ። ከዚያ አነበበችው፤ ልክ ነው። እንደገና አሰበችው፤ አሁንም ልክ ነው። ከአሥራ ስምንት ይበልጣል እንጂ አያንስም። ይህ አልገባ አላትና መጀመሪያ የመጣላት ሐሳብ ወንድሟ ከጓሮ የተበላሸ ማሽን በርካሽ ገዝቶ በእናቱ ላይ ጭኖባቸዋል የሚል ነበር።

ሻጩ አንገቱ ላይ ሜትር ያንጠለጠለ ደልዳላ ሰው ነው። ሚዛን ደረሰኝ እንደጠፋባቸውና ለዋስትና ቅጂ እንደሚፈልጉ ነገረችው፤ የወንድሟንም ስልክ ቁጥር ሰጠችው። ቁጥሩን ኮምፒውተሩ ላይ እየመታ ሳለ ሻጩ ፈገግ አለ፤ መስታወት ቆራጩ ነው አይደል ብሎ ጠየቀ። አንድ ሰዓት ሙሉ እንደተከራከረው፣ ከአሥራ አምስት በመቶ በላይ ለመቀነስ ሥልጣን እንደሌለው ነግሮት በመጨረሻ ሙሉውን ሃያ አምስት ሺህ አምስት መቶ ቆጥሮ እንደከፈለው ተረከላቸው። ማድረሻ መኪናም ሱቁ ስለሌለው አምስት መቶ ብር ከፍሎ ከውጭ ነው የያዘው።

«ከፍሎ ከጨረሰ በኋላ» አለ ሻጩ፣ «የማራገቢያዎቹን ወረቀት ስጠኝ ብሎ ለመነኝ። ምን ታደርግበታለህ ስለው፣ እናቴ አርባ የሚለውን በዓይኗ ካላየች ማሽኑን እቤት አታስገባውም አለኝ። ሳቅሁና ሰጠሁት።»

ደረሰኙ ከማተሚያው ወጣ። ሚዛን ለመቀበል እጇን ዘረጋች፤ ምራቲቱ ቀድማ ወሰደችው።

ሚዛን ከማቀዝቀዣዎቹ መሐል ቆማ አርባው ከየት እንደመጣ ገባት። ከሦስት ወር በፊት ስለ ማሽኑ በስልክ ሲመካከሩ፣ ከስድስት ሺህ በላይ አንዲት ብር የለኝም፣ ከእኔ እንዳትጠብቁ ብላ የቆረጠችው እሷ ነበረች። ታላቅ ሆና የለኝም ማለት ስላሳፈራት ቆጣ ብላ ነው የተናገረችው። ታናሺቱም እኔም ከዚያ አይበልጥም ብላ ተከተለች። ስድስት ሺህ ለሦስት ሰው አሥራ ስምንት ሺህ ነው፤ አሥራ ስምንት ሺህ የሠላሳ ሺህ ስልሳ በመቶ ነው፤ የሚቀረው አርባ ነው። ሱቁ አርባ በመቶ ቀንሶ አያውቅም። ወንድሟ ከእሷ አፍ ከወጣው ቁጥር ተነስቶ፣ ሂሳቡን ወደ ኋላ ሠርቶ፣ ለእናቱ የሚሆን ቅናሽ ለእህቶቹ በሚሆን ልክ ሰፍቶ አመጣ። የሁለቱ እህቶች አሥራ ሁለት ሺህ ሲቀነስ እሱ ብቻውን የከፈለው አሥራ ሦስት ሺህ አምስት መቶ ነው። ወረቀቱንም እሷ ስትመጣ የላጠው በወረቀት የማትታለል እሷ ብቻ ስለሆነች ነው።

ምራቲቱ ደረሰኙን ሥራ ቦታዋ ላይ እንደምታደርገው ከላይ እስከ ታች አነበበችው፤ ቀኑን፣ ቁጥሩን፣ ድምሩን። ከዚያ ለሁለት አጠፈችው። ፊቷ አልተለወጠም።

«የጸጉር ቤቷ ሴትዮ ከፍላዋለች ማለት ነው» አለች።

ሚዛን አልገባትም። ምራቲቱ ማንንም ሳታይ፣ ቀስ ብላ አስረዳቻት። ባሏ ለአንዲት የጸጉር ቤት ባለቤት ስድስት ትልልቅ መስታወት ሰቅሏል፤ ሂሳቡ ስምንት ሺህ ነበር። ሁለት ወር ሙሉ አልከፈለችኝም ሲል ቆይቷል። ሰባት ሺህ አምስት መቶው ለማሽኑ፣ አምስት መቶው ለመኪናው፤ ልክ ስምንት ሺህ። ሴትዮዋ የሰው ጉልበት በላች ብላ ምራቲቱ ሰላምታ ነስታታለች፤ በደጃፏ ሲያልፉ ፊቷን ታዞርባታለች። ይህንን እየተናገረች እጇን ወደ ቀኝ ጉንጯ ወሰደች።

«በዚህ በኩል ማኘክ ካቆምኩ ሁለት ወር ሆነኝ። ሐኪሙ ሰባት ሺህ ብሎኛል። ሴትዮዋ ስትከፍለው ትታከሚያለሽ ሲለኝ ነበር።»

ሚዛን ለእማዬ ብሎ እኮ ነው አለች።

«አውቃለሁ። ቢነግረኝ እኔም እሺ እል ነበር» አለች ምራቲቱ። ትንሽ አሰበችና ጨመረች፤ «እሺ አልልም ይሆናል። ግን ይነግረኝ ነበር።»

ሻጩ ሌላ የሚፈልጉት ነገር እንዳለ ጠየቃቸው። ቱቦውን ገዙ።

ሲመለሱ የታችኛው ፎቅ ጎረቤት ማሽኑን ልታይ ወጥታ እናታቸው አጠገብ ተቀምጣ ነበር። እናት ከማሽኑ በላይ ያወሩ የነበረው ስለ ቅናሹ ነው፤ አሥራ ሁለት ሺህ ብር አተረፍን፣ ማድረሻው እንኳ በነፃ ነው፣ ልጄ ዓይኑ ነገር አያልፈውም ይላሉ። ጎረቤቷ ሚዛንን ስታይ፣ አንቺ የሱቅ ሰው ነሽና ይህ አርባ በመቶ እስከ መቼ ይቆያል፣ ነገ ባለቤቴን ልላከው ወይ ብላ ጠየቀቻት። ሚዛን አልቋል አለች። ዛሬ ነው ያለቀው፣ አሁን እዚያው ነበርን አለች። ወንድሟ ከመታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ሆኖ ይህንን ሰማ። ዓይኑ ከእሷ ወደ ሚስቱ፣ ከሚስቱ ወደ እጇ ሄደ። ሚስቱ በእጇ የያዘችው ቱቦውን ብቻ ነው። ቱቦውን ሰጠችውና፣ የገበያ ዋጋ እንደምትጠይቅ ሰው ረጋ ባለ ድምፅ ጠየቀችው።

«የጸጉር ቤቷ ሴትዮ ከፈለችህ?»

እናትና ጎረቤቲቱ ወሬያቸውን አላቋረጡም። ወንድሟ ቱቦውን እያገላበጠ ረጅም ጊዜ አየው። «ገና ነች» አለ። ምራቲቱ ራሷን ነቀነቀች። ቅድም በሩ አጠገብ የተወችውን ሳሙና አንስታ ማሽኑ ላይ አኖረች፣ አማቷን ጎንበስ ብላ ሳመች፣ ነገ በጠዋት ሥራ ስላለብኝ ልሂድ አለች። እናት እንዴት የመጀመሪያውን እጥበት ሳታዪ ትሄጃለሽ ብለው ቢለምኗት ሌላ ጊዜ አያለሁ ብላ ወጣች። በሩን ቀስ አድርጋ ነው የዘጋችው።

መታጠቢያ ቤቱ ለሁለት ሰው አይበቃም። ሚዛን በሩን ገፋ አድርጋ ገባችና ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ወንድሟ ተንበርክኮ አዲሱን ቱቦ ከአሮጌው ጋር እየገጠመ ነበር፤ ቀና አላለም። ሐሙስ አንድ የሱቅ መስኮት እንደሚገጥም፣ ብሩን በዕለቱ እንደሚቀበል፣ ሚስቱ ሳታውቅ ሊተካውና በዚያው ሳምንት ሐኪም ቤት ሊወስዳት እንደነበር በዝቅተኛ ድምፅ ነገራት። አራት ቀን ነበር የቀረው። ሚዛን ደረሰኝ ፍለጋ ነው የሄድነው አለችው።

«ደረሰኝ» አለ። መፍቻውን መሬት ላይ አስቀመጠ። «እታለም፣ ስሰርቅ ብታገኚኝ ይሻልሽ ነበር?»

እንዴት እንደዚህ ትላለህ ልትለው አፏን ከፈተች። ግን እዚያ ሱቅ ውስጥ፣ ሻጩ ሙሉውን ከፈለ ባለበት ቅጽበት፣ ከደስታ በፊት አንድ ነገር ከእጇ እንዳመለጣት ያህል ቅር ብሏት ነበር። ለአንድ አፍታ ብቻ ነው፤ ማንም አላየባትም። እሷ ግን አይታዋለች። ወንድሟ ትንሽ ጠበቃትና መፍቻውን አንስቶ ወደ ቱቦው ተመለሰ። ከሳሎኑ እናታቸው ስንት ደቂቃ ነው የሚፈጀው ብለው ተጣሩ፤ አርባ አምስት ደቂቃ ይበቃዋል እማዬ ብሎ መለሰላቸው፤ ድምፁ የጠዋቱ ዓይነት ነበር።

ሚዛን ጫማዋን በትክክል ሳታስር ደረጃውን ወረደች። ምራቲቱ ገና ፌርማታው ላይ ቆማ ነበር፤ እሑድ ከሰዓት በኋላ መኪና አይገኝም። አጠገቧ ሄዳ ቆመች። ፀሐዩ ፊት ለፊት ስለሚመታቸው ሁለቱም ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው መንገዱን ያያሉ። ሚዛን በመንገድ ላይ ያሰበችውን ተናገረች። እውነተኛው ዋጋ ለሦስት ሲካፈል ስምንት ሺህ አምስት መቶ እንደሚደርሳት፣ ስለዚህ ሁለት ሺህ አምስት መቶ እንደሚቀርባት፣ ደሞዟን ስትቀበል አምጥታ ለእሱ ሳይሆን በእጇ ለእሷ፣ ለጥርሷ እንደምትሰጣት ነገረቻት። ታናሺቱንም እጠይቃታለሁ አለች። ሂሳቡን ስትናገር ድምፏ እንደ ሥራ ቦታዋ ጠርቶ ወጣ።

ምራቲቱ እስክትጨርስ ሰማቻት። ጉንጯን በመዳፏ ደግፋ ነበር። ስትመልስ እትዬ አላለቻትም፤ ድምፏንም ከፍ አላደረገችም።

«ያንቺ ድርሻ ይኸው ብቻ ነው?»

ጥያቄው የብር እንዳልሆነ ሚዛን ገባት። ሚኒባሱ መጣ። ምራቲቱ ገባች፣ ወደ ኋለኛው ወንበር አለፈች፣ ከቦርሳዋ ሳንቲም አውጥታ የራሷን ከፈለች። መኪናው ሲታጠፍ ሚዛን በመስኮቱ በኩል ጀርባዋን ብቻ አየች። ቆማ ቀረች። ቀጥሎ የመጣው ሚኒባስ አጠገቧ ቆሞ ረዳቱ በሩን እንደያዘ ትገቢያለሽ ወይ ብሎ ሲጠይቃት ነው የትም እንደማትሄድ ያስታወሰችው።